የረከሰው ሳጥኑ ነው፦ ስለ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ለሚነገረው የተሰጠ ምላሽ

ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ግለሰቦች ፈቃድ አውጥተው ያለ ጥቅም ስለሚነጋገሩበት ሬዲዮ፣ በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ ካለፈው አሥር ዓመት ወዲህ አንድ አስተያየት ሥር ሰዷል። አስተያየቱ ይህን ይመስላል። ቀድሞ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ያስወጣ የነበረው የእጅ ሬዲዮ መገናኛ ዛሬ በ30 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ከባለሙያና ከመሥሪያ ቤት እጅ ወጥቶ የማንም ሰው ሆኗል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ስልክና መብራት የጠፋ ዕለት አውጥቶ ይነጋገርበታል። ፈቃድ አለህ ወይ የሚል ቢመጣም፣ ነፍስ አደጋ ላይ ስትወድቅ ሕጉ ራሱ ለማንም ይፈቅዳል። አሜሪካ ውስጥ ለክፉ ቀን እንዘጋጅ በሚሉ ሰዎች ዘንድ ይህ ነገር እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ሊቆጠር ጥቂት ነው የቀረው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች መሀልም፣ በቡና ላይ ሆነ በለቅሶ ቤት፣ ሲነሣ እሰማለሁ፤ አንዳንዱ «ለአገር ቤት ዘመድስ ብንልክ?» እስከማለት ይሄዳል።

ነቃፊ የለውም ማለት አይደለም። ከነባር አማተሮች ብዙዎቹ ይህን ሬዲዮ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፤ መጫወቻ ነው፣ አየሩን ያቆሽሻል፣ ያልተማረ ሰው አመጣብን ይላሉ። ነቀፋው ግን ሙገሳው በቆመበት መሬት ላይ ነው የቆመው። አንዱ ወገን ዋጋው ስለወረደ ሁሉ ነገር ተገኘ ይላል፤ ሌላው ዋጋው ስለወረደ ሁሉ ነገር ተበላሸ ይላል። እኔ የምለው የረከሰው ሳጥኑ ብቻ ነው። ድምፅን ካንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያደርሱት ሌሎቹ ነገሮች፣ የተራራው ከፍታ፣ ተራራው ላይ ተተክሎ የሰማውን ድምፅ መልሶ የሚያስተላልፈው ሪፒተር፣ ሪፒተሩን የሚንከባከቡት ሰዎች፣ ወዲያ ማዶ ሬዲዮውን ከፍቶ የሚጠብቀው ሰውና የእጅ ልማድ፣ አንድ ሳንቲም አልቀነሱም።

ክርክሩ ስለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ግልጽ ይሁን። በ2012 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣው የቻይናው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ነው፤ ዛሬ በልዩ ልዩ ስምና ቀለም ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሱ ልጆች ናቸው። መዳፍ ውስጥ ይገባል። ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ እንደገና ደግሞ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ክልል ይቀበላል፣ ያስተላልፋል። ኃይሉ ቢበዛ 4 ወይም 5 ዋት ነው፤ 128 ቻናል ይይዛል፤ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይከፍታል፤ ጨለማም ሲሆን በአናቱ ላይ ያለችው አምፖል ታበራለች። ዋጋው እንዲህ ሊወርድ የቻለው፣ ቀድሞ ብዙ ማጣሪያና ብዙ ክፍል እየተቀባበሉ ይሠሩት የነበረውን ሥራ አርዲኤ1846 የተባለ አንድ ቺፕ ጠቅልሎ ስለያዘው ነው። የተተወው ማጣሪያ ግን በከንቱ የተቀመጠ አልነበረም። ይህን ሬዲዮ ይዞ ብዙ ማሰራጫ አንቴና ወደተተከለበት መሀል ከተማ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጎረቤት ያለው ጠንካራ ሞገድ ስለሚያደነቁረው፣ ሰፈር ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ጣቢያ ድንገት ጭጭ ይላል።

ነቃፊዎቹ ልክ የሆኑበት ሌላም ነገር አለ፤ ሳልሸራርፍ ልስጣቸው። ማንኛውም ማስተላለፊያ ከተፈለገው ፍሪኩዌንሲ ውጭ፣ በተለይ በእጥፉና በሦስት እጥፉ ላይ፣ ትርፍ ሞገድ ይለቃል። በ146 ሜጋኸርዝ የሚናገር ሬዲዮ በ292 እና በ438 ላይም ያንሾካሹካል ማለት ነው። 438 አሜሪካ ውስጥ የአማተሮች የራሳቸው ክልል ስለሆነ ገበናው ከቤት አይወጣም፤ 292 ግን የጦር አውሮፕላኖች ከሚነጋገሩበት ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ካለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ.ሲ.ሲ.፣ በዚህ ክልል ለሚሠራ አነስተኛ የአማተር ማስተላለፊያ የፈቀደው ትርፍ ሞገድ ከ25 ማይክሮዋት አይበልጥም፤ ለ5 ዋት ሬዲዮ ይህ ከዋናው ሞገድ 200,000 ጊዜ ማነስ ማለት ነው። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ቤተ ሙከራ በዴይተን ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ላይ ሰዎች ይዘው የመጡትን ሬዲዮ ሲለካ፣ የነባሮቹ አምራቾች የያኤሱ፣ የአይኮምና የኬንዉድ ሥራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሲያልፉ ከርካሾቹ ብዙዎቹ ወድቀዋል። በሴፕቴምበር 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤፍ.ሲ.ሲ. ያልተፈቀደ ሬዲዮ የሚያስመጣውንም የሚሸጠውንም የሚጠቀምበትንም በይፋ አስጠንቅቋል።

ይህ ሁሉ ስለ ዕቃው ነው። ከዚህ ተነሥቶ የዕቃውን ባለቤት መናቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አዲስም አይደለም። የሞርስ ኮድ ፈተና በ1991 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያው የአማተር ፈቃድ ደረጃ ሲነሣ፣ በ2007 ደግሞ ከሁሉም ደረጃ ሲቀር፣ ይኸው ለቅሶ ተለቅሷል፤ በሩ ያለ ዘበኛ ቀረ ተብሏል። ሆኖም ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው አማተሮች ከ700,000 በላይ ናቸው።

ወደ ሙገሳው ልመለስ፤ ሰው የሚጎዳው እሱ ነውና። ሻጩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ካርቶኑ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልግም። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ያለ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይዞርም። ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች የምድር ክብነት እስኪጋርዳቸው ድረስ በሒሳብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይደማመጣሉ፤ ቤትና ዛፍ በመሀል ሲገባ ወደ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ኃይሉን ከ1 ዋት ወደ 4 ዋት ማሳደግ ምንም በማይጋርድበት ጠፈር እንኳ ርቀቱን እጥፍ ብቻ ነው የሚያደርገው። መሀል ላይ ኮረብታ ካለ አራቱም ዋት ኮረብታውን ሲያሞቅ ይውላል።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ያየዋል። ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሽሮ ሜዳ፣ ሌላው ሱሉልታ ቢቆሙ፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም እንጦጦ በመሀላቸው ስላለ በዚህ ሬዲዮ መደማመጣቸው ዘበት ነው። አንደኛቸው እንጦጦ አናት ላይ ቢወጣ ግን ከከተማው በ800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ የሚጋርድ ተራራ በሌለበት አቅጣጫ አድማሱ በሒሳብ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በእጁ ያለው ያው የ30 ዶላር ሬዲዮ ነው።

እንዲያውም ሽሮ ሜዳን ከሱሉልታ ማገናኘት ያቃተው ሬዲዮ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚዞረውን ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ መስማት አያቅተውም፤ በመሀል የሚጋርድ ነገር የለምና። ጣቢያው ላይ ያለው የአማተሮች ሪፒተር ሲከፈት በ145.990 ሜጋኸርዝ ተቀብሎ በ437.800 ይመልሳል። ጣቢያው እየቀረበ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው በ10 ኪሎኸርዝ ገደማ ከፍ ብሎ፣ እየራቀ ሲሄድ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል። የሚያውቅ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከ437.810 እስከ 437.790 በ5 ኪሎኸርዝ እየቀነሰ አምስት ቻናል አስቀድሞ ይሞላል፤ የሚያልፍበትን ሰዓት አይቶ ደጅ ይወጣል፤ ጣቢያው ከአድማስ እስከ አድማስ በሚሻገርባት 10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካንዱ ቻናል ወደ ሌላው እየወረደ ይከተለዋል። አቅጣጫ ያለው የእጅ አንቴና የያዙ ሰዎች በ5 ዋት ተነጋግረውበታል። ዋጋው ቁልፍ ቢሆን ኖሮ የዚህ ሰውና የመሳቢያው ባለቤት ውጤት እኩል በሆነ ነበር።

አሞጋሾቹ አሁን ሄሊንን ይጠቅሱብኛል። ይጥቀሱ። በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራባዊ ሰሜን ካሮላይናን ሲመታ፣ አሽቪልና በዙሪያዋ ያሉ የተራራ መንደሮች መብራትም ስልክም ውሃም መንገድም ባንድ ጊዜ አጡ። በ145.190 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የሚቸል ተራራ ሪፒተር ግን አልጠፋም። ለብዙ ቀናት የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ፣ እርዳታ የት እንዳለ፣ እገሌ ደህና መሆን አለመሆኑ በዚያ ሲተላለፍ ሰነበተ። ርካሽ ሬዲዮ የያዙ ሰዎች አዳምጠውበታል፤ ተናግረውበታልም። እንግዲህ ሠላሳ ዶላር ይህን ሠራ ይባላል።

ሚቸል ተራራ 2,037 ሜትር ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው አሜሪካ ሁሉ ከሱ የሚበልጥ የለም። ያ ሪፒተር ከተራራው ራሱን ችሎ አልበቀለም። የተከለው ሰው አለ፤ መብራት ሲሄድ የሚተካ ኃይል ያዘጋጀለት ሰው አለ፤ በበረዶና በመብረቅ ወራት ወጥቶ የሚጠግነው አለ። ይህ ሁሉ የተሠራው አውሎ ነፋሱ ገና ስም ሳይወጣለት ነው። ከመሣሪያው በላይ ደግሞ ሥርዓቱ ነበር። ሪፒተር አንድ ጊዜ ላንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በቅጡ አይሰሙም። ስለዚህ ኔት የሚባለውን የአየር ላይ ስብሰባ የሚመራ ሰው ይቀመጣል፤ ጥሪ በተራ ይቀበላል፣ ነፍስ የሚያሰጋውን ያስቀድማል፣ የቀረውን «ቆይ» ይላል፣ የተባለውን ይመዘግባል። አማተሮች በደህና ቀን በየሳምንቱ ኔት የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ሲያዳምጡት እንዴት አደርክ እንዴት ዋልክ ብቻ የሚባልበት አሰልቺ ነገር ይመስላል፤ ባብዛኛው ነውም።

ለሐበሻ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ጡሩምባ ነፊው ሰው በሞተ ዕለት አይሰባሰቡም፤ በየወሩ ከተዋጣ ገንዘብና እየተዛጋም ቢሆን ከተገኙበት ስብሰባ የተጠራቀሙ ናቸው። መዋጮ ያላዋጣ ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ሰው አይጨክንበትም፤ ወንበሩ ይመጣለታል። ያ ወንበር ግን የሌሎቹ መዋጮ ነው። በሄሊን ጊዜ ከመሳቢያ በወጣ ሬዲዮ የተረዳ ሰው የተረዳው በዚህ መንገድ ነው። ደስ ይበለን፤ ግን ገዝቶ ማስቀመጡን ዝግጅት ብለን አንጥራው።

እስቲ ያን መሳቢያ እንክፈተው። ሬዲዮው ከነካርቶኑ ሁለት ዓመት ተቀምጧል እንበል። ባትሪው ወርዷል። አብሮት የመጣው ቻርጀር ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው፤ መብራት ደግሞ የለም። በመኪና ቻርጀር ወይም የባትሪ ድንጋይ በሚገባበት መያዣ ተከፈተ እንበል። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ፍሪኩዌንሲ ሞድ» ትላለች። ሰውየው 145.190 ብሎ ይጽፋል፤ ጎሽ፣ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ ይጣራል። የሚመልስለት የለም። ደግሞ ይጣራል። ሪፒተሩ የሚያዳምጠው በሚናገርበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ስላልሆነ ነው፤ 600 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ በ144.590 ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሜኑ 25 ገብቶ አቅጣጫውን ወደ ቅናሽ፣ ሜኑ 26 ገብቶ ልዩነቱን 00.600 ማድረግ ነበረበት። ብዙ ሪፒተሮች ደግሞ ከንግግሩ ሥር ለጆሮ የማይሰማ ቶን ካልተላከላቸው አይከፈቱም፤ ቶኑ የሚሞላው ሜኑ 13 ላይ ነው፤ ስንት ኸርዝ እንደሆነ ግን ሬዲዮው አይነግረውም፤ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

ልፋቱ እንዳይጠፋ ቻናል ላይ ላስቀምጠው ካለ ሜኑ 27 አለ። እዚህ ላይ ሬዲዮው ክፉ ጠባይ አለው። በእጅ ሲሞላ የሚቀበልበትን ፍሪኩዌንሲ አስቀምጦ፣ ከዚያ የሚያስተላልፍበትን ደግሞ እዚያው ቻናል ላይ ሁለተኛ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉን በትክክል ሞልቶ ሲያበቃ ሪፒተሩን ይሰማል፣ ሪፒተሩ ግን እሱን አይሰማውም፤ ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎም ይጥለዋል። ቸርፕ የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ሁሉ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ኬብሉ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ካለ፣ መብራትም ካለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለ አንቴናው ብዙ አልልም። አብሮ የሚመጣው አጭር ጎማ ነው፤ በ146 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ርዝመት ግን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ረዘም ባለ አንቴና መቀየር፣ ወይም በአንቴናው መሠረት ላይ ይህንኑ የሚያህል ሽቦ አስሮ ወደ ታች ማንጠልጠል፣ ሬዲዮ ከመቀየር የበለጠ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ሕጉ። አሞጋሾቹ የሚጠቅሱት የኤፍ.ሲ.ሲ. ደንብ ክፍል 97 ውስጥ ያሉትን 403ኛውንና 405ኛውን ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ አማተር ጣቢያ ነው፤ የሰው ሕይወት ወዲያውኑ አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ንብረት ወዲያውኑ ሊጠፋ ሲል፣ መደበኛውም መገናኛ ሳይገኝ ሲቀር፣ ጣቢያው በእጁ ባለ ማናቸውም የሬዲዮ ዘዴ አስፈላጊውን መልእክት እንዳያስተላልፍ ደንቡ አያግደውም። ሁለተኛው በጭንቅ ላይ ያለ ጣቢያ ትኩረት ለመሳብና እርዳታ ለመጠየቅ ያገኘውን ዘዴ እንዲጠቀም ይተወዋል። ፈቃድ የሌለውን ሰው ድንጋጌው ይሸፍነዋል ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ጎርፍ የከበበውን ሰው ለምን ጮህክ ብሎ የሚከስ ስለማይኖር ክርክሩን ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ድንጋጌው የአንድ ቅጽበት ምሕረት ነው፤ ልምምድን አይፈቅድም። ያለ ፈቃድ በደህና ቀን መናገር ክልክል ነው፤ በደህና ቀን ያልተናገረ ደግሞ የትኛው ሪፒተር ከሰፈሩ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያዳምጥ፣ እንዴት ተራ እንደሚጠየቅ ማወቂያ የለውም። «በአደጋ ጊዜ ይፈቀዳል» የሚለውን ይዞ ፈቃዱን የተወ ሰው፣ አደጋው ሲመጣ የሚያስፈልገውን ነገር የሚማርበትን በር በገዛ እጁ ዘግቷል።

በሩ ደግሞ ጠባብ አይደለም። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል፤ ጥያቄዎቹም ከነመልሳቸው አስቀድመው በይፋ ይወጣሉ። ሞርስ የለም። ለኤፍ.ሲ.ሲ. የሚከፈለው 35 ዶላር ነው፤ ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ከሬዲዮው ይወደዳል ማለት ነው፤ ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ዜግነት አይጠየቅም፤ የውጭ መንግሥት ወኪል ከሆነ በቀር ማንም የውጭ አገር ሰው በአሜሪካ የፖስታ አድራሻ ሊፈተን ይችላል። አየር ላይ በአማርኛ ማውራትም አልተከለከለም። የጥሪ ምልክቱ ብቻ በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ መጨረሻ በእንግሊዝኛ መጠራት አለበት፤ ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ቃል መናገር ነው የተከለከለው። ጥቅም የሚገኝበት ሥራም አይፈቀድም። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ያሉ ባለታክሲዎች መንገደኛ ሲበዛ በአማተር ሬዲዮ ልንጠራራ ቢሉ፣ ሁሉም ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ ደንብ ጥሰዋል።

አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው ይህን ሁሉ አይደለም፤ ቤት ካለችው ሚስቱና ሰፈር ውስጥ ከሚጫወቱት ልጆቹ ጋር መደማመጥ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ሰው የአማተር ሬዲዮ ግዛ ማለት መሳሳት ነው። እስከ 2 ዋት የሚደርሱ፣ አንቴናቸው የማይፈታ፣ ፈቃድ የማይጠይቁ የቤተሰብ ሬዲዮዎች አሉ። ከፍ ያለ ኃይልና ሪፒተር ከፈለገም ጂ.ኤም.አር.ኤስ. የሚባለው አገልግሎት አለ፤ ፈተና የለውም፣ 35 ዶላር ነው፣ ለ10 ዓመት ነው፣ አንዱ የወሰደው ፈቃድ ለቤተሰቡ ሁሉ ያገለግላል። ዩቪ-5አር በሁለቱም ላይ እንዲያስተላልፍ አልተፈቀደም፤ ቁልፉ ግን ስለማይከለክለው ብዙ ሰው የተፈቀደለት ይመስለዋል።

«ለአገር ቤት ብንልክ» ወደሚለው ልግባ። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ በዚህ ሬዲዮ መነጋገር አይቻልም። አህጉር የሚሻገረው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ነው፤ የዚህ ሬዲዮ ሞገድ ግን ያንን ከባቢ አየር በስቶ ወደ ጠፈር ያልፋል። በኢንተርኔት የተያያዙ ሪፒተሮች አሉ፤ በነሱ በኩል የእጅ ሬዲዮ ይዞ ከሌላ አህጉር ጋር ማውራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ድምፁን የተሸከመው ኢንተርኔቱ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አገር ቤት ውስጥ እርስ በርስ ይነጋገሩበት የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 መሠረት የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባት ከባድ ወንጀል ነው፤ በሻንጣ ውስጥ ለአክስት ልጅ የተላከ «መጫወቻ» የአክስት ልጁን ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል። ክልሉም አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአማተሮች የሁለት ሜትር ክልል ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት ቀጣና እስከ 146 ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ያለ ሪፒተር የሚጠራሩበት 146.520 እዚያ ከአማተር ክልል ውጭ ነው፤ እዚህ ተሞልቶ የሄደ ሬዲዮ የሌላ ባለንብረት ቤት ውስጥ ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አማተር ሬዲዮ የለም ማለቴ አይደለም። ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አለ፤ ተማሪዎች ከሱ ላይ ዓለምን ጠርተዋል። ለአገር ቤት ማሰብ ከሆነ መንገዱ በዚያ በኩል ነው፦ ሕጋዊ ፈቃድ፣ ሕጋዊ ሪፒተር፣ የሠለጠነ ሰው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የማስተዳደር ሥልጣን አለው፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለሱ ነው። ሃምሳ ሬዲዮ በሻንጣ ከማስገባት አንድ ሪፒተር በፈቃድ ማስተከል ይበልጣል፤ ዋጋውም፣ ልፋቱም፣ ጥቅሙም።

የቀረ አንድ መከራከሪያ አለ። ያም ሆነ ይህ ከምንም ይሻላል ይላሉ። ለመናገር ከሆነ፣ ባትሪው የወረደ፣ ያልተሞላ፣ ባለቤቱ ያልተለማመደበት ሬዲዮ ከምንም ስለመሻሉ እጠራጠራለሁ፤ ሰው አለኝ ብሎ ሌላ ዝግጅት እንዲተው ያደርገዋልና። ለማዳመጥ ከሆነ እስማማለሁ። አሜሪካ ውስጥ አማተሮችን ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግም። በሄሊን ጊዜ 145.190ን የከፈተ ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ሰምቷል። መንግሥት ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ 7 ፍሪኩዌንሲዎች ቀን ከሌት የሚያስተላልፈውን የአየር ሁኔታ ማስታወቂያም ዩቪ-5አር ይቀበላል። ለዚህ ብቻ ከተፈለገ ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ በተቀራራቢ ዋጋ ይገኛል፤ ማስጠንቀቂያ በሌሊት ሲተላለፍ ራሱ ነቅቶ ይጮኻል። ዩቪ-5አር ይህን አያደርግም።